ከደጅ የተመለሱት ጸሐፊ

መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ተጠያፊ ናቸው፤ ይህን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ የለም። ዝንብ ያረፈበትን ጠላ አይቀምሱም። ባጃጅ ሲሳፈሩ ወንበሩን በመሐረብ ይጠርጉና መሐረቡን በሁለት ጣት አንጠልጥለው እስኪወርዱ ድረስ ይይዙታል። ሰርግ ቤት ሲጠሩ የራሳቸውን ኩባያ በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ አጠገባቸው የቆመ ሰው በጣቱ ተናፍጦ ጣቱን በጋቢው ሲያብስ አዩና ፍትሐቱ ሳያልቅ ጥለው ሄዱ። ሰው ይስቅባቸዋል። እሳቸው ደግሞ የሚስቀውን ሰው ጥርስ አይተው ይጠየፋሉ።

የሚያስገርመው ግን ሥራቸው ነው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። የፍየል ቆዳ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ሰንብቶ ሲወጣ የሚሸተውን ሽታ የቀመሰ ያውቀዋል። በግቢያቸው አጥር ስር የሚያልፍ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል። እሳቸው ግን እጃቸው እስከ ክርናቸው በዚያ ስብና ሥጋ ተለውሶ ዜማ ያንጎራጉራሉ። «ይሄ የሥራ ሽታ ነው» ይላሉ፤ «እኔ የምጠየፈው የስንፍናን ሽታ ነው።» ጎረቤቶቻቸው ልዩነቱን እስከ ዛሬ አላገኙትም።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠየፉት የተበላሸ ጥገና ነው። ብራና ላይ ፕላስተር የለጠፈ ሰው ካዩ ቀኑን ሙሉ እህል አይበሉም። የጠፋ ቃል በእስክሪብቶ የሞላ ካዩማ ይረግማሉ፤ ከነዘሩ ነው የሚረግሙት። የተማሩበት ቤት ሕግ አጭር ናት፦ የጎደለ ቃል ከራስ አይሞላም። መጽሐፍ ሲቀደድ ወይም አይጥ ሲበላው፣ ከአንድ አብነት አብራው የተገለበጠች እህት መጽሐፍ ትፈለጋለች። እህቲቱ ደግሞ ከደብሯ አትወጣም። የተጎዳው ነው በካህን ጀርባ ታዝሎ እሷ ወዳለችበት የሚሄደው። እዚያ ጎን ለጎን ይዘረጋሉ። ጸሐፊው የተበላሸውን ጫፍ ያጸዳል፣ በደህናዋ ላይ ቦታውን ይፈልጋል፣ እያየ ይጽፋል። መንገዱ የሦስት ቀንም ቢሆን ይኬዳል።

ባለፈው የካቲት ቄስ ምንዋጋው የሚባሉ የደሃና ካህን እንዲህ ያለ የታመመ መጽሐፍ ይዘው መጡ። የደብራቸው ገድል ነው። የቆዳ ልባሱ ድጉስ ለቋል፣ ማንገቻ ማኅደሩ ተበልቷል፤ መሪጌታ እሱን ለማደስ እሺ አሉ። ሲገልጡት ግን መሐሉ ላይ አንድ የተጠገነ የብራና ቅጠል አገኙ። ቅጠሉ አንድ ጊዜ ተበጥሶ ነበር። ያበጀው ሰው የበሰበሰውን ጫፍ ከላይም ከታችም ቆርጦ ጥሎ፣ የቀረውን ጫፍና ጫፍ ገጥሞ በጅማት ሰፍቶታል። አራት መስመር ጠፍቷል።

«እስቲ ያንብቡልኝ» አሉ ቄስ ምንዋጋው።

መሪጌታ ግእዙን እየፈቱ አነበቡት። «‹እናቲቱም ዐረፈች፤ ሕዝቡም አልቅሰው ቀበሯት፤ ወንድ ልጅም ወለደች፤ ፊቱም እንደ ፀሐይ ያበራ ነበር።›»

ቄስ ምንዋጋው አማተቡ።

«ተቀብራ ወለደች!» አሉ መሪጌታ። «ጻድቃችሁ ከእናቱ ቀብር በኋላ ነው የተወለደ። ይሄን በየዓመቱ ስታነቡ አንድ ሰው እንኳ ‹እንዴት?› አላለም?»

«እኛማ ተአምር ነው ብለን አለፍነው።»

«ኤጭ! ተአምር! የሰነፍ ቆራጭ ሥራ ነው እንጂ። ይሄን የሰፋ እጅ እህል የሚጎርስ እጅ ነው? አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ አሉ። እዩት፣ እስቲ እዩት! ያቅለሸልሻል።»

ቄስ ምንዋጋው መጽሐፉን ትተው ሄዱ። መሪጌታ ያንን ቅጠል እንዳይታያቸው በጨርቅ ሸፈኑት።

ያን ሰሞን ቤታቸው ውስጥ ሌላም የተሸፈነ ነገር ነበር። ሚስታቸው በመኪና አደጋ ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ከአንዲት ልጃቸው ከአምሳለ ጋር ነው። አምሳለ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። በጥር ግራ ጡቷ ላይ ባቄላ የሚያህል እብጠት አገኘች። ከእብጠቱ በመርፌ ተወስዶ ሲመረመር ካንሰር ሆነ። አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ቀጠሮ ተሰጣት፤ የምትሞላው ቅጽም ተላከላት።

ቅጹን ይዛ መጣች። «አባየ፣ ሐኪሙ የሚጠይቀው ነገር አለ። በቤተሰባችን በጡት የታመመ ነበረ?»

«የለም።» ጡት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አያቴስ በምን ሞተች?»

«በእርጅና።» እናታቸው ሲሞቱ አርባ አራት ዓመታቸው ነበር።

«አክስቴ ጥሩሐረግስ?»

«ምች መታትና በሦስት ቀን አለቀች።»

አምሳለ «የለም» ብላ ጻፈች። ሐኪሙ በስልክ የነገራትን ለአባቷም አልደበቀችም። በዘር የመጣ ከሆነ ደሟ ተመርምሮ ሁለቱም ጡቶቿ ይታሰባሉ፣ ማኅፀኗ አካባቢም ይፈተሻል። የዘር ካልሆነ እብጠቷ ብቻ ተቆርጣ ትወጣለች። መሪጌታ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መንገድ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ አምሳለ አባቷ የሸፈኑትን ጨርቅ ገለጠችው። የተቀበረችውን ወላድ ስትሰማ ከልቧ ሳቀች። ጥር ከገባ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ስለዚህ መሪጌታም ከቁጣቸው ትንሽ ቀነሱ።

«ያልታደለ ቆራጭ» አሉ። «እህቲቱ መጽሐፍ ጽጽቃ ደብር አለች። አጥቷት አይደለም፤ መሄድ ታክቶት ነው።»

«አባየ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳስተምር የምለውን እኮ ነው የሚሉኝ» አለች አምሳለ። «የሰው ሕዋስም እንዲህ ነው የሚያደርገው። የሰው ብቻ አይደለም፤ የበጉም የአህያውም።»

«ምን ያደርጋል?»

«ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ጽሑፍ አለ፤ በሁለት ክር የተገመደ። ሕዋሱ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ይገለብጠዋል። ያኔ ሁለት እህትማማች ቅጂ ጎን ለጎን ይሆናሉ። በዚህ መሐል አንዷ ብትበጠስ፣ ሁለቱም ክሮቿ ባንድ ላይ እንኳ ቢቆረጡ፣ ሕዋሱ የተበጠሰውን ጫፍ ይልጠዋል። አንዱ ክር ራቁቱን ይቀራል። ያ ራቁት ክር ይሄድና እህቲቱን ከፍቶ ይገባል። የሱን ቃል የሚመስል ቃል እስኪያገኝ ይፈልጋል። ካገኘ በኋላ የጠፋውን ከሷ እያየ ይጽፍና ወደ ቦታው ይመለሳል። አንዲት ፊደል አይጎድልም።»

መሪጌታ ጆሯቸው ቆመ። «የተበጠሰው ነው የሚሄደው?»

«የተበጠሰው ነው።»

«ማነው ይሄን ያስተማረው?» አሉ፤ ደስ አላቸው። የገዛ ገላቸው የተማሩበትን ቤት ሕግ የሚያከብር መሆኑን በስድሳ አንድ ዓመታቸው መስማታቸው ነው።

«ግን ክሩ ብቻውን መንገዱን አያውቀውም» አለች አምሳለ። «መሪ አለው። መሪውን የሚሠራው ዘረመል ቢአርሲኤ ሁለት ይባላል። ከእናት አንድ፣ ካባት አንድ፣ ሁለት ሁለት አለን። ባንዱ በኩል የተበላሸ የወረሰ ሰው በደህናው ይኖራል። አንድ ቀን ጡት ውስጥ ባንዲት ሕዋስ ደህናውም ሲጠፋ ግን መሪ የለም። ያኔ ሕዋሷ የዚህን ሰውየ ሥራ ትሠራለች።» ጣቷን ስፌቱ ላይ አደረገች። «ጫፉን ትቆርጣለች፣ ያገኘችውን ካገኘችው ትሰፋለች፤ መሐሉ ይጠፋል። እንዲህ እንዲህ እያለች ጽሑፏን ታበላሸውና በመጨረሻ መቆም የማታውቅ ሕዋስ ትሆናለች። ካንሰር የምንለው እሱን ነው። ደግነቱ እኛ ቤት ይሄ የለም።»

መሪጌታ የልጃቸውን ጣት ተከትለው ስፌቱን አዩት። እስካሁን ተጠይፈው በደንብ አላዩትም ነበር። ሰባት ስፌት ነው፤ ሰባቱም ወደ ግራ ያዘነብላሉ። በቀኝ እጁ የሚሰፋ ሰው እንዲህ አይወጣለትም። መሪጌታ መምህራቸው በአለንጋ አስገድደዋቸው በቀኝ መጻፍ ቢለምዱም ወስፌ የሚይዙት በግራ ነው። በዋግ ምድር ብራና በግራ እጁ የሚሰፋ ሌላ ሰው አያውቁም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላል ያገሬው ሰው። መሪጌታ አንድ ወር ሙሉ ከነዘሩ የረገሙት ቆራጭ እሳቸው ናቸው።

ገፍተው የረሱት ሁሉ ተመልሶ መጣባቸው። ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል። ጥሩሐረግ ታማለች፣ ወንድሜን ጥሩልኝ ትላለች ተብሎ ደሃና ሄዱ። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ጎጆ ውስጥ አስተኝተዋታል። በሩ ክፍት ነበር። ገና አምስት እርምጃ ሲቀራቸው ሽታው መጣ። የቆዳ ሽታ አይደለም፤ በሕይወት ያለ ሰው ሥጋ ሲበሰብስ የሚሸተው ነው። አንድ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ በቅጠል ዝንብ ትከላከላለች። ጥሩሐረግ አየቻቸው። በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ፣ በልጅነታቸው ሲነጋገሩ እንደነበረው፣ «ግባ» አለቻቸው። መሪጌታ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ዞረው ሄዱ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጠው ሲያስመልሳቸው ካህናቱ አገኟቸውና፣ ጸሐፊ በእጃችን ገባ ብለው የተበጠሰውን ገድል አመጡላቸው። የአይጥ ሽንት አበስብሶታል፤ እጅ ላይ ይሟልጫል። ጽጽቃ ውሰዱት ማለት ነበረባቸው። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ከዚያ አገር መውጣት ብቻ ነበር። የሚሸተውን ቆርጠው ጣሉ፣ የቀረውን ሰፉ፣ ሳይነጋ ሄዱ። ጥሩሐረግ በሳምንቷ ሞተች። ሰቆጣ ላይ እህትህ በምን ሞተች ሲሏቸው ምች አሉ። እየቆዩ እሳቸውም አመኑት።

«አባየ፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ ጠቆረ።»

«ቅጹን አምጪው» አሉ።

«የትኛውን?»

«የሐኪሙን። ውሸት ነው የጻፍሽው። እኔ ነኝ ያስዋሸሁሽ።»

ነገሯት። እናታቸውም በጡት ሕመም እንደሞቱ፣ ጥሩሐረግ አምስት ወር እንደተኛች፣ ሁሉንም።

«ቁስሏን አይተውታል?» አለች ሲጨርሱ።

«ከደጅ ነው።»

«ለምን አልገቡም?»

«ሸተተኝ።»

አምሳለ አየቻቸው። መሪጌታ ያንን አስተያየት ያውቁታል፤ እሳቸው ፕላስተር የተለጠፈበትን ብራና የሚያዩበት ነው። በልጃቸው ዓይን ውስጥ ተጠያፊው ሳይሆኑ የተጠላው ነገር ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነው፤ አንገታቸውን ደፉ።

«በእጅዎ ይጻፉት» አለችና ቅጹን ፊታቸው አኖረች። የእናታቸውን ስም፣ ዕድሜያቸውን፣ የጥሩሐረግን ስም፣ ዕድሜዋን፣ የሞቱበትን በሽታ አንድ በአንድ ጻፉ። ያ አገር ሁሉ የሚያደንቀው የእጅ ጽሑፋቸው የጀማሪ ተማሪ ሆነ።

ሰኞ በወልድያው አውቶቡስ ልሸኝሽ፣ አብሬሽም ልሂድ አሉ። «አይምጡ» አለች። «ሆስፒታል ብዙ ሽታ አለ።» ከአንዲት አስተማሪ ጓደኛዋ ጋር ሄደች።

መሪጌታ ቤት መቀመጥ አልቻሉም። ገድሉን አዝለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጽጽቃ ወረዱ። እህቲቱ መጽሐፍ ደህና ነበረች። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው ስፌታቸውን በገዛ እጃቸው ፈቱት። አራቱ መስመሮች ተገኙ። የተቀበረችው ለካ የጻድቁ አያት ናት። ከሷ በኋላ ልጇ ነበረች፤ ስም ያላት፣ ያለ እናት ያደገች፣ አግብታ የፀነሰች። ጻድቁን የወለደችው እሷ ናት። ይህችን ሴት ነው መሪጌታ ከአይጥ ሽንት ጋር ቆርጠው የጣሏት፤ ደብሩ በሙሉ ደግሞ ለሃያ አራት ዓመት የወለደችው ሳትታወቅ ልጇን ሲያነግሥ ኖረ። ጻፏት።

ሐኪሙ የታረመውን ቅጽ አይቶ የአምሳለ ሁለቱም ጡቶች ተወገዱ። ደሟ ባሕር ማዶ ተልኮ ውጤቱ በግንቦት መጣ፤ የዚያኑ ዕለት ደወለችላቸው።

«ቢአርሲኤ ሁለት ነው፤ የተበላሸውን ወርሻለሁ» አለች። ድምፅዋ የአስተማሪ ድምፅ ነበር። «በእናቴ በኩል አይደለም። ከአያቴ ለአክስቴ፣ ከአያቴ ለእርስዎ፣ ከእርስዎ ለእኔ።»

«እኔ ላይም አለ?»

«በያንዳንዷ ሕዋስዎ። ወንድም ያስተላልፋል፣ አንዳንዴም ይታመማል። እርስዎም ይመርመሩ። የአክስቴ ልጅ ወለተሥላሴም መመርመር አለባት። ስልኳን አጣሁት፤ መልእክት የምልክበት ሰው ካለ—»

«መልእክት አያስፈልግም» አሉ መሪጌታ። «የተበጠሰው ነው የሚሄደው።»

ስልኩን ዘግተው ገላቸውን ታጠቡ። ሳሙናው እስኪያልቅ ፈተጉት። እህታቸውን ከደጅ ያስጠላቸው ነገር ያን ቀን ነጠላቸውን በያዘው እጃቸው ውስጥም ነበር፤ ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ በንጹሕ ልብስ ሸፍነው ይዘውት ዞረዋል። ከዝንብ፣ ከንፍጥ፣ ከባጃጅ ወንበር ሲሸሹ የኖሩት ሰውየ አሁን ከገዛ ቆዳቸው ወዴት እንደሚሸሹ ጠፋቸው።

በማግስቱ የታደሰውን ገድል በአህያ ጭነው ደሃና ገቡ። መጽሐፉን ለቄስ ምንዋጋው አስረክበው ብቻቸውን ወደ ወለተሥላሴ ቤት ወጡ። ቤቱ ያው የጥሩሐረግ ግቢ ነው። ያቺ ዝንብ ትከላከል የነበረች ልጅ አሁን የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። መሪጌታን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ልጆቿን በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተናግራ ወደ ውጭ ሰደደቻቸው።

«እንደምን አለሽ ልጀ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የምነግርሽ ነገር ነበረኝ።»

«ይንገሩኛ። እርስዎ ከደጅ ሆኖ ማየት ያውቁበታል፤ ከደጅ ሆነው ይናገሩ።»

ካቡ ላይ ተቀመጡና ከደጅ ተናገሩ። ስለ አምሳለ፣ ስለ ሁለቱ ክር፣ ስለ መሪው፣ ቆርጦ ስለሚሰፋው ሕዋስ፣ ከዚያም ቆርጦ ስለሰፋው ስለራሳቸው። ይቅር በይኝ አላሉም፤ አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር፣ ግን ለራሳቸው የሚለምኑ መስሎ ታያቸውና ዋጡት። ሰቆጣ ሆስፒታል እንደሚወስዷት፣ ከዚያም አዲስ አበባ አብረዋት እንደሚሄዱ ብቻ ነገሯት።

«ጨረሱ?» አለች።

«ጨረስኩ።»

«እኔን በመስከረም ነው የጀመረኝ» አለች ወለተሥላሴ። «ከፋሲካ ወዲህ ፈንድቷል።»

መሪጌታ ከካቡ ተነሡ። «ዘጠኝ ወር! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ለምን ለሰው አልነገርሽም?»

«ለማን ልንገር? የናቴ ወንድም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ አፍንጫውን ይዞ ሲመለስ በነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። የናቴ ወንድም ያልቻለውን ባሌ ይችለዋል ብየ ነው? ጎረቤት ይችለዋል ብየ ነው?» ቀሚሷን ደረቷ ላይ ጠበቅ አደረገችው። «በጨርቅ አስሬ፣ ላዩ ላይ ጤና አዳም ወሽቄ፣ ማንም ሳይሸተው ኖሬያለሁ።»

ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

መሪጌታ በሩ ዘንድ ደረሱ። ከጤና አዳሙ ስር ሽታው መጣ። ያው ነው፤ በሃያ አራት ዓመት አልቀነሰም። እጃቸው ሳያዙት ወደ ነጠላቸው ሄደ። ነጠላውን ከትከሻቸው አወረዱት፣ አጠፉት፣ ካቡ ላይ አኖሩትና ጎንበስ ብለው ገቡ።